ባለባዜቃው እጁን የታጠበ ዕለት

የማዕድን ባለሙያ የሆንኩት አስቤበት አይደለም። ኬሚስትሪ ተምሬ ስጨርስ ሆሳዕና እናትና አባቴ ቤት ተቀምጬ የመምህርነት ቦታ እጠብቅ ነበር። በዚያ መሀል በዱራሜ መንገድ ላይ ያለ አንድ ወረዳ ለማዕድን ጽሕፈት ቤቱ «በጂኦሎጂ፣ በኬሚስትሪ ወይም በተመሳሳይ ሙያ» የተመረቀ ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሄጄ ተመዘገብኩ። ለፈተና የቀረብኩት ብቻዬን ስለነበርኩ አንደኛ ወጣሁ። አባቴ ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲያወራ ግን «ሁሉንም በልጣ» ነበር የሚለው።

ጽሕፈት ቤቱ ከግብርናው ጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንዱ አለቃዬ ይቀመጣሉ፤ በሌላው እኔና አንድ የብረት ቁም ሣጥን። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ፋይል አለ። «የኮንስትራክሽን ማዕድናት» የሚለው አሸዋና ጠጠር የሚያወጡ ማኅበራትን ጉዳይ ስለያዘ ከመወፈሩ የተነሣ በገመድ ታስሯል። «ብረት ነክ ማዕድናት» የሚለው ባዶ ነው። በየሩብ ዓመቱ ከላይ ደብዳቤ ይመጣል፦ በወረዳችሁ ወርቅ፣ ብረት፣ መዳብና የመሳሰሉት የሚወጡ ከሆነ፣ በአፈርና በውሃ ላይ ያደረሱትም ጉዳት ካለ ይገለጽልን። እኔ «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። አለቃዬ ያነቡታል፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ ይጨምሩበታል፣ ይፈርሙበታል። በዓመት አራት ጊዜ «የለም» እያልኩ ደመወዝ እበላ ነበር ማለት ነው።

አለቃዬ ጡረታቸው የቀረበ ጨዋ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰው አቤቱታ ይዞ ሲመጣ፣ ቢያለቅስም ቢቆጣም፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «በደብዳቤ ይሁንልኝ።»

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር፣ ከዶዮገና ማዶ ተዳፋት ላይ ቤት ያለው አንድ ገበሬ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍር ያወጣው አሸዋ በፀሐይ አብለጨለጨ። ጥቂቱን በመሐረብ ቋጥሮ ገበያ ወጣና ለአንድ ዘመዱ ብቻ፣ በምሥጢር፣ አሳየው። የዚያን ዕለት ማታ ወሬው አንጋጫ ደርሶ ነበር። በሳምንቱ ከተዳፋቱ ሥር ያለው ጅረት ግራና ቀኙ ሰው በሰው ሆነ። ከቢሮአችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌው ነጋዴ የልብስ ማጠቢያ ሳህን ሸጦ ጨረሰ፤ ቀጥሎ ትሪ ሸጠ፤ ቀጥሎ የሕፃናት መታጠቢያ ጎድጓዳ ፕላስቲክ ሸጠ። ለምሳ ስወጣ ጠራኝና፣ «አንዲት ሳህን አስቀርቼልሻለሁ። የቢሮ ሰው ደግሞ ሲመሽ ነው የሚሄደው ብዬ» አለኝ።

አለቃዬ ሂጂና አጣሪ አሉኝ። በባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግሬ ወረድኩ።

ከላይ ሆኜ ሳየው ሠርግ ነበር የሚመስለው። ስጠጋ ግን ሌላ ነው። ዳርና ዳሩን የያዘው ሣር ተገፎ፣ ባንኮኒ የሚያህል ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተደራርቦ፣ ሥሩ የተጋለጠ እንሰት እንደ ሰከረ ሰው ዘሟል። ውሃው ቀይ ወጥ መስሏል። አንዱን ጉድጓድ ልዞር ስል ከውስጥ ጭቃ የለበሰ ባርኔጣ ብቅ አለ። ባርኔጣውን አወቅኩት። ሆሳዕና አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ መንደራቸው መመለሳቸውን አላወቅኩም ነበር።

«ቲቸር?» አልኩ።

ከባርኔጣቸው ላይ ጭቃውን አራገፉ። «ለምርምር ነው» አሉ በመጨረሻ።

መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ያ የሚያብለጨልጨው ነገር በጣት ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይነሣል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ሚካ ነው፤ ከንቱ ድንጋይ።

«ቲቸር፣ እፍጋት የሚባለውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ወርቅ ቢሆን ኖሮ ውሃ ላይ እንዲህ ይንሳፈፍ ነበር?»

«አይንሳፈፍም» አሉ፣ ወደ ጉድጓዳቸው እያዩ። «እኔም ለሰዎቹ ነግሬያለሁ። በኋላ ሁሉም ሲቆፍር ብቻዬን ቁጭ ብዬ ማየት ከበደኝ። ተስፋ እፍጋት የለውም ልጄ። ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚንሳፈፈው።»

በማግሥቱ ሰዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ወርቅ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ቢሆንም እንኳ ያለ ባህላዊ አምራች ፈቃድ መቆፈር እንደማይቻል፣ ፈቃድ ያወጣም ጉድጓዱን መልሶ የመሙላት ግዴታ እንዳለበት፣ ከውሃ ዳር ርቆ መቆፈር እንዳለበት ነገርኳቸው። በጸጥታ አዳመጡኝ። ከመሀላቸው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አመሰገኑኝና ወደ ሕዝቡ ዞረው በከምባትኛ አጭር ነገር ተናገሩ። የእኔ ቋንቋ ሀዲይኛ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ስለሆኑ ያሉት ገባኝ። «መንግሥት ወርቅ አይደለም ካለ ወርቅ ነው ማለት ነው» ነበር ያሉት። በማግሥቱ የቆፋሪው ቁጥር ጨመረ።

ባለባዜቃው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ከወርቅ አገር ነው የመጣሁት የሚል፣ ቀጠን ያለ፣ አንደበቱ የጣፈጠ ሰው ነበር። በዓይን መድኃኒት ብልቃጥ ባዜቃ ይሸጣል። በትምህርት ቤት ስሙ ሜርኩሪ ነው፤ ፈሳሽ ብር የሚመስለው፣ ወርቅን ከአሸዋ መሀል ፈልጎ የሚይዘው። ሰውየው አንድ ጠብታ መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያንከባልለው ትልልቅ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ከዚያ የማንኛውንም ሰው አሸዋ በገበቴ ተቀብሎ፣ ባዜቃውን ጨምሮ በጣቱ ያሸዋል፤ እሽት አድርጎ ሲያጥበው እውነተኛ ቢጫ ቅንጣት የያዘች ትንሽ ድቡልቡል ትወጣለች። «ይኸው» ይላል። «ወርቃችሁ ደቃቅ ነው። ያለ ባዜቃ አይያዝም።» ቅንጣቷን ለማስታወሻ ብሎ ራሱ ያስቀራታል፤ ሰዎቹ ብልቃጡን ይገዛሉ። ቤታቸው ሄደው ሲሞክሩ ምንም አያገኙም። ተመልሰው ሲጠይቁት እሳቱ በዝቶባችሁ ነው፣ እሳቱ አንሷችሁ ነው፣ ባዜቃው አንሷችሁ ነው ይላቸዋል።

እሳቱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ባዜቃ በእሳት ላይ ሲደረግ ይተናል፤ ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ሳንባና ነርቭ ውስጥ ይገባል። ጅረት ውስጥ የፈሰሰው ደግሞ ደለሉ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ከውሃው ወደ ከብቱ፣ ከከብቱ ወደ ወተቱ ልንከታተለው የምንችልበት አንድ መሣሪያ በወረዳው አልነበረም። ያለኝ የውሃ አሲድነት መለኪያ ወረቀት ነው፤ እሱም ባዜቃን አያውቀውም። ይህንን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ያለ ፈቃድ ባዜቃ መያዝም መሸጥም ክልክል መሆኑን ከሥሩ ጨምሬ፣ ጅረቱ ዳር ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ለጠፍኩ። በሦስተኛው ቀን ከአንዲት ሴት ቆሎ ገዛሁ፤ የተጠቀለለልኝ በማስታወቂያዬ ነበር። ፊርማዬ እንኳ አልተቀደደም።

ያን ሰሞን የአንድ ቆፋሪ ሚስት ማጀቷን ዘግታ ባዜቃ ስትጠብስ ዋለች። ሳህኑ ላይ ምንም አልቀረም። ማታ ደረቷን ጨመቃት፣ ሳል ያዛት፣ አፌ ውስጥ የብረት ቁራጭ ያለ ይመስለኛል አለች። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ሰነበተች፤ ዳነች። ባሏ ሊያመሰግነኝ ቢሮ ሲመጣ፣ የሕመሟን ምክንያት ለጤና ጣቢያው ነርስ የነገርኩት እኔ ስለነበርኩ፣ የጫማው ጭቃ ትኩስ ነበር። ከቁፋሮው ነበር የመጣው።

«መከልከል አልቻልንም» አልኳቸው አለቃዬን።

«ደብዳቤ ጽፈናል» አሉ።

ለዚህ ነገር መላ ያገኙት ሌላ ሴት ናቸው። ከቁፋሮው በታች፣ ጅረቱ ተጠማዝዞ በሚያልፍበት ቦታ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ላሞቻቸው ከዚያ ጅረት ይጠጣሉ። ልክ እንደ ባለዕዳ መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። እሳቸው ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፤ የተጨቃጨቅነው ግን በአማርኛ ነው፣ ሁለታችንም እየተኮላተፍን።

«አንቺ ነሽ መንግሥቷ?» አሉኝ።

«ከመንግሥት ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«ላሜ ቀይ ውሃ እየጠጣች ነው። ከልክይ።»

«ከለከልኩ። እምቢ አሉ።»

ከራሴ እስከ እግሬ ቁልቁል አዩኝ። «ሰው ሲከለክሉት ይሮጣል» አሉ። «ፍቀጂላቸው። ግን ከጎረቤት ተስማምታችሁ ኑ በያቸው። እዚህ አገር ከጎረቤቱ የተስማማ ሰው አላየሁም።»

መመሪያው እውነትም ቁፋሮ የሚነካውን ማኅበረሰብ ማማከር ግዴታ ነው ይላል። ማማከር ማለት ግን ስብሰባ ማለት ነበር፤ ሰዎች መጥተው፣ እጅ አውጥተው፣ ለስላሳ ጠጥተው ይሄዳሉ። እኔ ቢሮ ገብቼ የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ ከፈትኩና አንድ መስመር ጨመርኩበት፦ «ከቁፋሮው በታች ያሉ ውሃ ተጠቃሚ አባወራዎችና እማወራዎች በሙሉ ፈቃደኛ መሆናቸውን በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ያረጋገጡበት።» «በሙሉ» የምትለዋን ስጽፍ ትንሽ ሳቅ ብዬ ነበር፤ አልክድም። አለቃዬ አነበቡት፣ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩበት፣ ማኅተም መቱበት።

ጅረቱ ዳር ሄጄ ሕዝቡን ሰበሰብኩና ስሕተቴን አመንኩ። እስከ ዛሬ መከልከሌ ትክክል አልነበረም፣ ከነገ ጀምሮ ማንኛውም ሰው ቅጹን ሞልቶ መቆፈር ይችላል አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ቅጹ በዚያው ዕለት አለቀ።

የሆነውን በኋላ ቲቸር ነገሩኝ፤ የመጀመሪያው ፈራሚ ፈላጊ እሳቸው ነበሩና። ከታች ያሉት እናት ለጎረቤቶቻቸው ሴቶች ሁሉ አስቀድመው መክረዋል። ማንም እምቢ አይልም። እንግዳው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ቆጮ በጎመን ይቀርብለታል። ከዚያ ከመፈረም በፊት ትንሽ ነገር ይነሣል። በአንደኛው ቤት ቲቸር የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት ታላቅ ወንድማቸው ስላነሣው የድንበር ድንጋይ ሰሙ። በሁለተኛው ቤት በልጅነታቸው ስለሰበሩት እንስራ ሰሙ። በሦስተኛው ቤት የሟች አባታቸው ለቅሶ ላይ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወሰደ። በሦስት ቀን ስድስት ፊርማ አገኙ፤ በአራተኛው ቀን ሆዳቸውን አመማቸው።

«ድንበሩን ግን መለስን» አሉኝ። «ወንድሜና ሰውየው ታረቁ።»

«ቅጹስ?»

«ተዪኝ ልጄ። ቆጮውን ከዚህ በላይ አልችልም።»

በሁለት ሳምንት ከቆፋሪው ግማሹ ተወው። ከቀሩት አብዛኛዎቹ ግን የባለባዜቃው ደንበኞች ናቸው። በዓይናቸው ያዩት ቢጫ ቅንጣት አለ፤ እሷን ከራሳቸው ማውጣት አልተቻለም። ሰውየው ራሱ ስለማይቆፍር ቅጽ አያስፈልገውም። ፖሊስም ሰውየው ብልቃጥ ሲሸጥ ያየ ምስክር አምጡ አለ፤ ገዢዎቹ ደግሞ ምስክር አንሆንም አሉ።

አሁንም ታችኛዋ እናት ናቸው ያስጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ ለላም ሣር እያጎረሱ፣ «ያ ሰውዬ እጁን ይፈራል» አሉኝ።

«እንዴት እማማ?»

«ሰላምታ ሲሰጥ አንጓውን ነው የሚዘረጋ፤ ሊጥ እንደ ነካች ሴት። ገበያ ላይ ምግብ ሲበላ አይቼዋለሁ፤ ቆጮ በማንኪያ ነው የሚበላ። ማነው ቆጮ በማንኪያ የሚበላ? የቀኝ እጁ ጥፍር ደግሞ ይኼን ያህላል።» የጣታቸውን ጫፍ አሳዩኝ። «ቅዳሜ ምሳ ጠርቼዋለሁ። ብልቃጥ በብዛት እገዛለሁ፣ ለልጆቼ ሁሉ ብዬዋለሁ። አንቺም ነይ። ያን አስተማሪሽንም አምጪ።»

ቅዳሜ ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ባለባዜቃው ሲያየኝ ትንሽ ደንገጥ አለ፤ እናትየው ግን «ይቺ ልጅ አላምንም እያለች አስቸገረችን። በዓይንሽ እይ ብዬ ነው ያመጣኋት» አሉት። ፊቱ ወዲያው በራ። ማሳመን የሚወድ ሰው ነበር።

«ከሥራው በፊት ምሳ» አሉ እናትየው። ነጭ መታጠቢያ ሳህንና ማንቆርቆሪያ ይዘው ራሳቸው ከፊቱ ቆሙ።

«እኔ በማንኪያ እበላለሁ፣ እናቴ። አትቸገሩ።»

«እኔ ቤት ማንኪያ የለም።»

«ታጥቤ ነው የመጣሁ።»

«መንገድ መጥተሃል። ትቢያ አለ።»

ዙሪያውን አየ። በዕድሜ የእናት እኩያ የሆኑ ሴት ማንቆርቆሪያ ይዘው ጎንበስ ብለው ሲጠብቁ እጄን አልታጠብም የሚል ሰው በዚያ አገር አልተፈጠረም። እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ጎረቤታቸውን ማንቆርቆሪያውን አስያዟትና የእንግዳውን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሳሙና ቀቡት። ከዚያ የቃጫ መፈግፈጊያ አውጥተው፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው፣ ጥፍር በጥፍር ይፈገፍጉት ጀመር። ሰውየው እጁን ሊነጥቅ ሞከረ፤ አልለቀቁትም። «ቀስ በል ልጄ፣ እንዳልቧጭርህ» አሉት። የሚያብለጨልጭ ላብ ግንባሩ ላይ አየሁ። ውሃው ሳህኑ ውስጥ ተጠራቀመ፤ ሳህኑን አንሥተው ቲቸር አጠገብ አስቀመጡት።

ምሳ ተበላ። ባለባዜቃው ብዙም አልበላም። ከዚያ ገበቴው መጣ፣ አሸዋ ተደረገበት፣ ብልቃጡን ከፈተ። እያወራ አሸው፤ ስለ ወርቅ አገር፣ ስለ ሀብታሞች፣ ስለ ንግሥተ ሳባ። ሲያጥበው ድቡልቡሏ ወጣች፤ ንጹሕ ብር፣ ምንም ያልያዘች።

«አሸዋው ድሃ ነው» አለ።

ሌላ ሰው አሸዋውን አመጣ። ምንም። ሦስተኛ ሰው አመጣ። ምንም። የላም ማላመጥ ይሰማል።

ቲቸር በዚህ መሀል የመታጠቢያውን ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ያዟዙሩታል። የላይኛውን ውሃ ደፉ፣ ሌላ ንጹሕ ውሃ ጨመሩ፣ አዟዟሩ፣ ደፉ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቻቸው አዘነበሉት። ነጩ ሳህን ሥር አራት ወይም አምስት ቢጫ ቅንጣቶች፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ተኝተዋል።

«ወርቅ ማለት ይህ ነው» አሉ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል እንደሚያስተምሩበት በነበረው ድምፅ። «ውሃው ሲሄድ እሱ አይሄድም። ይሄ ደግሞ በሞረድ የተፋቀ የቀለበት ሙራጅ ነው። የተገኘውም ከጅረቱ ሳይሆን ከሰውየው ጥፍር ሥር ነው።»

ሰዉ ሳህኑን ሊያይ ተጠጋጋ። ከዚያ ያ በስብሰባው ዕለት የተነሡት ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ለጥፍርም ቅጽ መሙላት አለበት?» አሉ።

የግቢው ሣቅ ላሟን አስበረገጋት። እኔ ራሴ እንባዬ እስኪፈስ ሣቅሁ። ባለባዜቃው ግን አልሮጠም፤ አንድ ሰው ከበሩ አጠገብ ቆሞበታል፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም እዚያው ጎመኑን እየበላ ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ አየኋቸው። ይንቀጠቀጣሉ። እናትየው ከፍርሃት ነው ብለው ነበር። እኔ ግን ፍርሃት እንደዚያ እንደማያንቀጠቅጥ አውቃለሁ፤ ቀጭንና የማያቋርጥ ነበር፣ እንደ ሞተር።

አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። «ባዜቃ መጥበስ ከጀመርክ ስንት ዓመት ሆነህ?»

«ከልጅነቴ» አለ። እውነትም ከወርቅ አገር ነበር የመጣው።

«ሐኪም አይቶሃል? የሚያንቀጠቅጥህ ባዜቃው ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ «ጸሐፊ መሆን እፈልግ ነበር፤ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር» አለኝ። ሣቄ የት እንደ ገባ አላውቅም።

ፖሊሶቹ ብልቃጦቹን በማስረጃነት ቆጥረው ሰውየውን ወሰዱት። ዋስ አግኝቶ እንደወጣ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላወቅሁም። ቃሌን ስሰጥ ሐኪም እንዲያየው ብዬ አስጽፌ ነበር። አዩት አላዩት አልተነገረኝም።

ለእኔ የቀረው ከየቤቱ ባዜቃውን መሰብሰብ ነበር። ይህ ከቁፋሮውም ይከብዳል፤ ሰው የተታለለበትን ዕቃ ማውጣት ያፍራል። ከቲቸር ጋር ቤት ለቤት ዞርን። ያገኘነውን በአንድ የማር ማሰሮ ውስጥ፣ ማለቴ አፉ ሰፊ በሆነ የማር ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገን፣ እንዳይተን ውሃ ከላዩ ሞልተን፣ በፕላስተር አሸግነው። ወረዳው ማስቀመጫ የለውም። ዞኑም የለውም። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ሆሳዕና ድረስ አምጡት ተባለ፤ መኪና ግን አልተሰጠኝም። አሸዋ ባልዲ ውስጥ ቀብሬው ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ተሳፈርኩ።

ትንሹ ዕቃ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አጠገቤ ያሉት እናት ብዙ ጊዜ አዩኝ፣ አዩኝና፣ «ማር ነው?» አሉ።

«አይደለም እማማ። መርዝ ነው።»

አመኑኝ ብዬ አልገምትም፤ እስከ ሆሳዕና ድረስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነካኝም። እንደዚያ ተመችቶኝ ተጉዤ አላውቅም።

ተረካቢው ፈርሞ ከተቀበለኝ በኋላ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን ደረሰኝ። አንደኛው የጸደቀ ቅጽ ያለ ሥልጣኔ በማሻሻሌ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከጎረቤት ወረዳ ሲሆን፣ ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ላይ ችግር ስላጋጠማቸው ያንን የተሻሻለ ቅጽ በአስቸኳይ እንድንልክላቸው ይጠይቃል። አለቃዬ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ አዩአቸው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብለው ሣቁ። «ቅጹን ላኪላቸው» አሉ። «ማስጠንቀቂያውንም አባሪ አድርጊላቸው፤ አውቀው ይግቡበት።»

ጉድጓዶቹን ክረምት ሳይገባ በዘመቻ ሞላናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ኳየር ዘምሮ አሠራን። የሞላነውን አፈር እንዲይዝ ሣር ተተከለ። ውሃውና ደለሉ ለምርመራ ተልኮ ስለነበር፣ ውጤቱ እስኪመጣ ላሞቹ ከላይ ካለው ምንጭ እንዲጠጡ ለመንኩ። ታችኛዋ እናት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ዳገቱን እየወጡ ውሃ ያመላልሱ ነበር። ባገኙኝ ቁጥር፣ «መጣ?» ይሉኛል። «አልመጣም» እላቸዋለሁ። ያለማወቄ ያን ያህል አሳፍሮኝ አያውቅም፤ ዓይናቸው ውስጥ «መንግሥቷ» ነኝ፣ ግን ለአንዲት ላም እንኳ ጠጪ ወይም አትጠጪ ማለት አልችልም።

ውጤቱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ጅረቱ ደህና ነው፤ ባለባዜቃው ሲያጥብበት የነበረው ቦታ ደለል ግን ደህና አይደለም፣ ይታጠር ይላል። ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። እናትየው እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ፤ ያልገባቸውን ቃል ሁለቴ አስተረጎሙኝ። ከዚያ ላሚቱን ፈትተው እየነዱ፣ ከታጠረው ቦታ ዞር አድርገው፣ ወደ ጅረቱ ወሰዷት። ላሚቱ ውሃውን አሸተተች፣ ወደ ምንጩ ዳገት ዞራ አየች፣ አልጠጣም አለች።

«ለምዳብኝ» አሉ እናትየው። «አሁን ማን ያሳምናታል?»

ሁለታችንም ሣሩ ላይ ተቀመጥንና እስክትጠማ ጠበቅናት።